ካቻቢቴዬን መልሱልኝ

አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ በደወሉ ቁጥር «ታድለህ! ናይሮቢ ልጅህ ዘንድ ተንደላቀህ ተቀምጠሃል» ይሉኛል። መቀመጡንስ ተቀምጫለሁ፤ ከመቀመጥ ሌላ ምን ተፈቀደልኝና! ዌስትላንድስ በሚሉት ሰፈር፣ በሊፍት የሚወጣበት ፎቅ ላይ፣ ጠዋት አንደኛው ሶፋ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላኛው ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ። ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ «አባዬ፣ ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? «ሶፋ ቀየርኩ» እላታለሁ።

እኔ እኮ የመብራት ኃይል ጡረተኛ ነኝ። ሙያውን ያስጨበጡኝ ቆቃ ላይ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ቆቃ በጣልያን የጦር ካሣ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ግድብ ነው፤ ያኔ 43 ሜጋ ዋት ማለት ትልቅ ነገር ነበር። እኔም በተራዬ ምሰሶ ወጥቻለሁ፣ ትራንስፎርመር አውርጃለሁ፣ በክረምት ሌሊት የተበጠሰ መስመር ቀጥያለሁ። ጉለሌ ያለውን ቤቴንም ክፍል በክፍል የጨመርኩት በእጄ ነው። ያ ቤት ለሰው ፋታ አይሰጥም። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ይጠረግ ይላል። ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ይታደስ ይላል። ሮቢኔቱ ያንጠባጥባል፣ የሽንት ቤቱ በር በዝናብ አብጦ አልዘጋም ይላል፣ ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ሚስማር ይጥላል። ስረግመው ነው የኖርኩት። ግን ይፈልገኝ ነበር።

ይኸኛው ቤት አይፈልገኝም። ኬርቴከር የሚሉት የሕንፃው ተቆጣጣሪ አለ፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍ ቢሮ አለ፤ ከእሱ በላይ ዓይተነው የማናውቀው ባለቤት አለ። እኔ ከሁሉም በታች ነኝ።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በሚስማር ነው። የእመቤታችንን ሥዕል ይዘን መጥተን ልንሰቅል ስንል ኬርቴከሩ ደረሰና «ምዜ፣» አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው፤ «ግድግዳው የባለቤቱ ስለሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።» ስንት ምሰሶ የተከለ ሰው ለአንድ ሚስማር ማመልከቻ! ልጄ ጻፈች። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እመቤታችን ከነልጇ ፍሪጅ ላይ ተደግፋ ሰነበተች። እኔ በበኩሌ መልስ አልጠበቅሁም፤ መዶሻ አነሣሁ። የናይሮቢ ግድግዳ ግን እንደኛ ጭቃና ብሎኬት አይደለም፤ ከከተማዋ ዙሪያ ካባ እየተቆረጠ የሚመጣ ግራጫ ድንጋይ ነው። ሚስማሩ ጎበጠና ዞሮ እኔን አየኝ።

ፈቃዱ ሲመጣ «ሥራው በፉንዲ ይሠራ» ይላል። ፉንዲ እዚህ የእጅ ባለሙያው ሁሉ መጠሪያ ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛውም፣ አናጢውም፣ ልብስ ሰፊውም ፉንዲ ነው። የእኛው በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ከተፍ አለ። ድንጋይ ሊበሳ የመጣው ግን ትራፓን ሳይዝ ነው። ረዳቱን ትራፓን ሊያስመጣ ላከው። ረዳቱ ትራፓኑን አምጥቶ ፊሸሩን ረሳ። ፊሸር ሊገዛ ሲሄድ ፉንዲው ሻይ በወተት ጠጣ፤ ረዳቱ ሲመለስ ደግሞ ረዳቱ ጠጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥዕሉ ተሰቀለ፤ ወደ ግራ አዘንብሎ! «ውኃ ልክ የለህም ወይ?» ብዬ በእጄ ምልክት ጠየቅሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተና አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ልጄም «ተወው አባዬ፣ ማንም አያስተውለውም» አለች። እኔ አስተውለዋለሁ! ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ የምጎለተው እኔ አይደለሁም?

ሚስማሩስ ይሁን። ምጣዱን ልንገራችሁ።

የልጆቼ እናት ያለ ምጣዷ አልሄድም ብላ የኤሌክትሪክ ምጣዱ በሞያሌ በኩል በመኪና ተከተለን። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሸክላው ሳይሰነጠቅ ገባ። ጣጣው ሶኬቱ ነው። የእኛ ሶኬት እግሩ ሁለት ነው፣ ክብ። የኬንያ ግን እንግሊዝ ትቶላቸው የሄደው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ሆዱ ውስጥ የራሱ ፊውዝ አለው፤ የፊውዙም ትልቁ 13 አምፔር ነው። ልጄ ከገበያ ማዕከል አዳፕተር ገዝታ መጣች።

«ቆዩ» አልኩ። «ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ይስባል። 13 አምፔር በ240 ቮልት ቢባዛ 3,120 ዋት ነው። ይኸ አይሸከመውም።»

«አባዬ፣ ባለሱቁ ይሠራል ብሎኛል።»

ባለሱቁ! አባቷ ዕድሜውን የጨረሰበትን ነገር ስልክ ሻጩ በአንድ አፍ ሻረው። ዝም አልኩ፤ ወንበር ስቤ ሰዓቴን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ሊያወጣ ሲል ሽታው መጣ። የልጆቼ እናት «አብሲቱ ነው፤ በደንብ አልበሰለልኝም» እያለች በራሷ ታጉረመርማለች። እኔ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ደመወዜን የበላሁት በእሱ ነው። አዳፕተሩ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ፉንዲ ይጠራ ተባለ። ፉንዲው መጣ፣ አየ፣ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ፤ ከዚያም ከኪሱ ሌላ አዳፕተር አውጥቶ ሊሰካ ተጠጋ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ወረቀት አምጡ አልኩና ሣልኩለት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ለኤሌክትሪክ ምድጃ ተብሎ የተዘረጋ ወፍራም መስመር አለ፤ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ ያለው። ልጄ በጋዝ ስለምታበስል እንደ እኔ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ምጣዱ መያያዝ ያለበት እዚያ ነው። እኔ በአማርኛ እሱ በስዋሂሊ ነን፤ አምፔር ግን በሁለቱም አምፔር ነው። ፉንዲው ወረቀቱን ገለባበጠው፣ አራቀው፣ አቀረበው፤ ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝና «ምዜ፣ ፉንዲ?» አለ። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ በሙያዬ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

እሱ ብሎን ሲፈታ እኔ ባትሪ አበራሁ። ቀጥሎ ፒንሳ አቀበልኩ። ቀጥሎ ወንበር ላይ ወጣሁ። ልጄ በር ከፍታ የገባችው በዚያች ቅጽበት ነው። ማታውኑ ፍርድ ተሰጠ፤ ካቻቢቴዬ፣ ፒንሳዬ፣ መዶሻዬና ቴስተሬ ተለቅመው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈባቸው። ምስክር አልተሰማም። የልጆቼ እናት በዚያ መስመር የጋገረችውን እንጀራ እየጠቀለለች «ልጅቷ እኮ ላንተው አስባ ነው» አለች። ምጣዱ ግን እስከ ዛሬ አልቀለጠም፤ ይኸ በመዝገብ ይያዝልኝ።

አንድ ሌላ ችግር መኖሩን በጊዜው ተናግሬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! የሻወሩ ውኃ የሚሞቀው ራሱ ሻወሩ ላይ በተገጠመ መሣሪያ ነው፤ ውኃው እየወረደ ሳለ እዚያው ያሞቀዋል፤ ለዚህም የሚስበው ከምጣድ ይበልጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ልጅ ልጄ ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ጨለማ ውስጥ ቀርቶ «አያቴ!» ብሎ ሲጮህ የተሰማው እስከ ምድር ቤት ነው። አሁን ፍሪጁ ላይ ፕሮግራም ተለጥፏል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ገላ አይታጠቡም። ንጹሕ ሆኖ መራብ ወይም ጠግቦ መቆሸሽ፣ ምርጫው የራስ ነው።

መብራቱ የሚገዛበት መንገድም የራሱ አበሳ አለው። ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ በር አያንኳኳም። በስልክ በኤም-ፔሳ ይከፈላል፤ ባለ 20 አኃዝ ቁጥር በመልእክት ይመጣል፤ ያንን ቆጣሪው ላይ አንድ በአንድ መጫን ነው። መነጽሬን አድርጌ፣ ልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ እየጠራልኝ፣ እኔ በአማርኛ እየደገምኩ፣ መጨረሻው አካባቢ ስንደርስ አንዳችን እናስነጥሳለን። እንደገና ሀ ብለን እንጀምራለን።

የሚያንገበግበኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ኬንያ በእሱ 200 ሜጋ ዋት ከእኛ መግዛት ጀመረች፤ ከአራት ቆቃ በላይ መሆኑ ነው! ውሉ የ25 ዓመት ነው። እንግዲህ አስቡት። ኤሌክትሪኩ ድንበሩን ወረፋ ሳይቆም፣ ፓስፖርት ሳያስመታ ያልፍና ዌስትላንድስ ድረስ መጥቶ እኔ በሽልንግ እገዛዋለሁ። ምጣዱ የእኛ፣ ጤፉ የእኛ፣ ሊጡ የእኛ፣ ኤሌክትሪኩ የእኛ። የኬንያ የነበረው አዳፕተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቀለጠ። የድሮ ባልደረቦቼ በስልክ «ኤሌክትሪክ መታወቂያ የለውም፤ ከኬንያው የኦልካሪያ የምድር እንፋሎት ኃይል ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚደርስህ» ይሉኛል። እኔን ነው የሚያስተምሩኝ? አውቃለሁ። ቢሆንም ምጣዱ ጥሩ ሲጋግር የሶዶው ነው እላለሁ፤ ሲጠፋ የእነሱ። ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በኦክቶበር 2022፣ የኬንያው ሳፋሪኮም እኛ አገር ገብቶ በይፋ ስልክ ማስደወል ጀመረ። መብራት ሰጥተን ወሬ ተቀበልን።

ቡናውን አላነሣውም። ይኸ አገር ዓለም የሚሻማበትን ቡና አምርቶ ወደ ውጭ ይልክና ራሱ ሻይ በወተት ይጠጣል። የእኛ ሲቆላ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጢስ ጠቋሚ ይጮሃል፤ ስለዚህ አቦል የሚቆላው በረንዳ ላይ፣ በር ተዘግቶ፣ የልጆቼ እናት ጋቢ ተከናንባ ነው። ለጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ብንፈልግ የግቢው ሣር በማሽን ስለሚታጨድ ቁመቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም።

ሰማዩም ቃል አያከብርም። በሐምሌ ክረምት ነው ብዬ ብጠብቅ ደመናና ብርድ ብቻ፣ ጠብ የሚል የለም። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ይኸ ማለት የሰው ልጅ ዛላ በርበሬ በሚያሰጣበት በኅዳር ይዘንባል ማለት ነው! የልጆቼ እናት ኢስሊ ከሚሉት ሰፈር በርበሬ አስገዝታ የልብስ ማስጫው ያለበት የሕንፃው ጣሪያ ላይ፣ በኅዳር፣ እንደ ወጉ አሰጣች። ወረደበት። እየተሯሯጥን ለቅመን ኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው። ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር ከውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ያስነጥስ ጀመር። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ስም አልጠራም፣ ግን ሕንፃው ውስጥ በርበሬ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው።

ያዳኑን ከታችኛው ፎቅ ያሉ አሮጊት ናቸው። ይኸ ሰፈርና ጎረቤቱ ፓርክላንድስ ከሕንድ የመጡ ቤተሰቦች ለብዙ ትውልድ የኖሩበት ነው፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው። በር አንኳክተው ገቡና ኮሪደሩን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካሌንደር ሄደው ጣታቸውን ጃንዋሪ ላይ ተከሉት። ጥር ማለታቸው ነው። እውነትም በጥር ሰማዩ ጥርት አለ፤ እሳቸው አቻር ለሚሉት ማባያቸው የሚሆን የማንጎ ክትፍ፣ እኛ በርበሬያችንን ይዘን ጣሪያው ላይ ተገናኘን። ኬርቴከሩ ማስታወቂያውን በእጁ ይዞ መጣ። አሮጊቷ ሳይነሡ፣ እንደተቀመጡ፣ በስዋሂሊ አንድ ነገር ጀመሩት። ቃሉ አልገባኝም፤ ዜማው ግን የዕድራችን እናቶች ዘግይቶ የመጣ ድንኳን ተካይ ሲቀበሉ የሚያወርዱት ነው። ሰውየው ማስታወቂያውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወረደ። ከዚያ ሴትዮዋ ከእኛ በርበሬ አንድ ዛላ አንሥተው ቀነጠሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ፣ «አያቃጥልም» በሚል እጃቸውን አወዛወዙ። እንዲህ ያለ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም። ምን ይደረግ፣ ባለውለታ ናቸው።

ትንሹ ልጄ ያለው ስቶክሆልም ነው። እዚያ ሠራተኛ ውድ ነውና ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ የ17 ዓመት ጎረምሳ ከመሠረተው ከኢኬያ ቁም ሣጥን በካርቶን ይገዛል፣ በአንዲት የታጠፈች ቁልፍ እያዞረ ይገጥማል፣ ከዚያ በቪዲዮ ያሳየኛል። ልብ በሉ፤ ይኸ ልጅ ጉለሌ ሳለ አምፖል ቀይር ሲባል ጉንፋን ይይዘው ነበር! አሁን ግድግዳ ይቀባል፣ ወለል ያነጥፋል። በታኅሣሥ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይመሽበታል፤ ልብስ ለማጠብ በሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ክፍል ወረፋ ያስይዛል። ያማርራል። እኔ ቅናት ያዘኝ። የሚችለው ሶፋ ላይ፣ የማይችለው መሰላል ላይ! የቆቃንም ሥራ ያማከሩት ኖርዌዮች ነበሩ፤ በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች ከሽማግሌ እጅ ካቻቢቴ የሚቀሙ አይመስለኝም። ባለፈው «አባዬ፣ ገጥሜ ስጨርስ ይቺ ብሎን ተረፈችኝ፤ የምን ትሆን?» አለኝ። «የቁም ሣጥኑ ናት፤ እንዳትደገፈው» አልኩት።

ለኬንያውያን አንድ ነገር እመሰክራለሁ፤ ሰዓታቸው ትክክል ነው። በስዋሂሊ ቀን የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ነው፤ የጠዋቱ አንድ ሰዓት እነሱም ዘንድ አንድ ሰዓት ነው። ፉንዲው «ሳ ንኔ» ካለ አራት ሰዓት ነው፤ አለቀ። ልጄ ግን በእንግሊዝ አቆጣጠር «አሥር ሰዓት ማለቱ ነው አባዬ» እያለች ታርመኛለች። እኔና ፉንዲው በሰዓቱ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው በቀኑ ነው።

የወጥ ቤቱ ሮቢኔት ማንጠባጠብ ከጀመረ ቆይቷል። ቀን የሚሰማው የለም፤ ሌሊት ግን ጠብ፣ ጠብ። «ፉንዲው ነገ ይመጣል» ይሉኛል። ከምሎሎንጎ እዚህ ዌስትላንድስ ድረስ 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 መኪና ይርመሰመስበት ጀመር፤ አንዲት የጎማ ቀለበት የሚቀይር ሰው ግን ጠፋ። ከሶፋው ተነሥቼ ራሴ ልገዛ ወጣሁ። የገበያ ማዕከሎቹ መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ፤ በሴፕቴምበር 2013 ዌስትጌት በሚባለው የገበያ ማዕከል ላይ በደረሰው ጥቃት 67 ሰው ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይፈተሽ አይገባም፤ ተገቢ ነው። እኔ ሳልፍ መሣሪያው ጮኸ። ጠባቂው ኪሴን ዳበሰና ካቻቢቴ አወጣ። የእኔ አይደለም፤ የእኔማ ተቆልፎበታል። ፉንዲው ምጣዱን ሲያያይዝ ረስቶት የሄደ ነው፤ ሲመጣ እመልስለታለሁ ብዬ ይዤው ነበር፤ እሱ ደግሞ አይመጣም። «ምንድን ነው ይኸ?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «ፉንዲ» አልኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስወጣ መለሰልኝ፤ «ፖሌ፣ ምዜ» ብሎ ይቅርታም ጨመረልኝ። ቀለበቷን በኪሴ ከተትኳት። እዚህ አገር ፌስታል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ በዚህ ዕድሜዬ በፌስታል ልታሰር?

ፉንዲው ነገ በአራት ሰዓት እመጣለሁ ብሏል። ልጄ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ ልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ነው። ዋናውን የውኃ መዝጊያ ከመታጠቢያው በስተኋላ አግኝቼዋለሁ፤ ትንሽ ዝጓል፣ ግን ይዞራል። የልጆቼ እናት ነገ ምጣድ ላይ ናት፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሊጡን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቶሎ ጨርስና ወንበሩን ቦታው መልስ» አለችኝ።